ምስክርና መዝገብ፦ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ በመልኩ አዲስ፥ በባሕርዩ ግን አሮጌ ነው። ይኸውም ሀብት የሌለው ሰው የሠራው ሥራ ትክክል መሆኑን በሕግ ፊት በምን ያስረዳል? የሚለው ነው። ጥያቄውን አዲስ ያደረገው የሥራው ዓይነት ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ትምህርታቸውን ከፈጸሙ ጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፥ በተለምዶ ስታርትአፕ የሚባለውን ጀማሪ ኩባንያ እያቋቋሙ፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተባለው ጥበብ መሥራት ጀምረዋል። ሥራቸው ገና እግር ሳይተክል ግን ሕግ ይጠብቃቸዋል። መዝገብ ያዙ፤ ሥራችሁ የሚያመጣውን አደጋ መዝኑ፤ መረጃውን ከየት እንዳመጣችሁ አስረዱ፤ ማሽኑ የፈረደበት ሰው ቢጠይቃችሁ መልስ ስጡ ይላቸዋል። እነርሱም «ይህ ሁሉ ጠበቃና መርማሪ መቅጠር ለሚችል ትልቅ ኩባንያ የተጻፈ ነው፤ እኛ የወር ኪራይ የሚያስጨንቀን ሰዎች በምን አቅማችን እንፈጽመዋለን?» ሲሉ እንሰማለን።

ቅሬታው መሠረት የለውም አንልም። ገንዘብ የሚጠይቁ ግዴታዎች እንዳሉ በኋላ እናሳያለን። ነገር ግን የአገራችንን ታሪክ፥ በተለይም የጎጃምን፥ መለስ ብለን ስናይ የምንደርስበት አሳብ ከዚህ ቅሬታ ይለያል። ግዴታን ውድ የሚያደርገው ድህነት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም መዘግየት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝገብ የያዘና ምስክር ያቆመ ሰው በጥቂት ወጪ ይወጣዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ማስረጃ ፍለጋ የሚነሣ ግን ባለጸጋም ቢሆን ይቸገራል። ይህንን ለማስረዳት ከደብረ ኤልያስና ከአካባቢዋ ሦስት ነገሮችን እንወስዳለን። አንደኛው የቅኔው ጉባኤ ነው፤ ሁለተኛው በወንጌል ዳር የተጻፈው የርስት መዝገብ ነው፤ ሦስተኛው በ1960 ዓ.ም. የተነሣው የግብር ሁከት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ዛሬው ሕግና ወደ ትንሹ ኩባንያ እንመለሳለን።

ሀ. የቅኔው ጉባኤና ምስክሩ

ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም፥ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኝ፥ ደቡባዊ ጠርዟ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ደጋ አገር ናት። በሊቃውንት ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው በቅኔ ትምህርቷ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው ከብዙ ዘመን በፊት፥ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው የጎጃም ቦታዎች አንዷ ይህችው ደብረ ኤልያስ ነበረች።

የቅኔ ተማሪ ኑሮ ለአንባቢ አዲስ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፥ አኰፋዳ አንግቦ፥ በየመንደሩ እየለመነ፥ በቆሎና በቁራሽ ይማራል። የሚያድርባትን ጎጆ ራሱ ይቀልሳል። ጉባኤው ባጀትም ሆነ የጽሕፈት ቤት ማኅተም የለውም። ሆኖም ከዚህ ጉባኤ የወጣ ሰው በሌላ ደብር ሲቆም እውነተኛ ተማሪ መሆኑ በቶሎ ይታወቃል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የትምህርቱን ሥርዓት ብንመለከት መልሱን እናገኘዋለን።

ጀማሪው አስቀድሞ ግሥንና አገባብን ይማራል። ከዚያ በሁለት ቤት ከሚፈጸመው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ የዕለቱን ምሥጢርና መንገድ ካሳየ በኋላ ተማሪው ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቈጥራል። የቈጠረውን ግን እንዳሰኘው ወስዶ በቤተ ክርስቲያን አይቀኝም። አስቀድሞ ከእርሱ ለበረታው ተማሪ፥ ቀጥሎም ለመምህሩ ይነግራል። ስሕተቱ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። አገባቡ ቢሰበር ወይም ሰሙ ከወርቁ ባይገጥም ለምን እንደ ሆነ ይነገረዋል። ከብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ነገራና እርማት በኋላ መምህሩ የበቃ ሆኖ ሲያገኘው ይመሰክርለታል። በአማርኛችን «አስመሰከረ» የሚለው ቃል ትምህርቱን ፈጸመ የሚል ትርጉም የያዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ተማሪው የትም ቢሄድ የሚጠየቀው «ከማን ተማርህ? ማን መሰከረልህ?» ተብሎ ነው። በጎንጅም፥ በዋሸራም፥ በዋድላም ስልት ይማር፥ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። ሥራው ወደ ሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ይፈተናል፤ የሚፈትነው ሰው ከሠራው ሰው የተለየ ነው፤ ከወጣም በኋላ ከየት እንደ መጣ የሚጠየቅ ስም አለ። እነዚህ ሦስቱ ነገሮች የሚጠይቁት ጊዜንና ሐቀኝነትን ነው፤ ገንዘብ ግን ብዙም አይጠይቁም።

ይሁን እንጂ የጉባኤውን ጉድለት መሸፋፈን አይገባም። ምስክሩ የሚኖረው በሰው ኅሊና እንጂ በወረቀት ላይ ስላልነበረ፥ መምህሩ ሲያልፍ ብዙ ነገር አብሮት ይቀበራል። በየቀኑ የተዘረፈው ቅኔ ስንቱ ተጽፎ እንደ ቀረ እናስብ። ስለዚህ ምስክር ብቻውን አይበቃም፤ መዝገብ ያስፈልገዋል።

ለ. የወንጌሉ ዳር

አባቶቻችን ይህንን ጉድለት አላጡትም። ነገሩ የርስትና የጉልት በሆነ ጊዜ በቃል ምስክር ብቻ አልተማመኑም። በምሥራቅ ጎጃም እንደ ሞጣ ጊዮርጊስ ባሉ ታላላቅ አድባራት፥ እንዲሁም በጎንደርና በሌሎችም አገሮች፥ የመሬት ስጦታ፥ ሽያጭና ውርስ በብራና መጻሕፍት፥ በተለይም በወንጌል፥ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። በጽሑፉ ላይ ሰጪውና ተቀባዩ፥ መሬቱ የሚገኝበት ስፍራ፥ በዘመኑ የነበሩት ሹማምንት፥ የተገኙትም ምስክሮች በስማቸው ይቈጠራሉ። ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ውሉን በሚያፈርስ ላይ በሚወርድ ግዝት ይዘጋል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባው ብልኀታቸውን ነው። ብራና ውድ ነገር ነው፤ ለርስት መዝገብ ብቻ የሚሆን ቤትና ጸሐፊ ማቋቋምም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ አስቀድሞ ዋጋው በተከፈለበት መጽሐፍ ባዶ ቦታ ተጠቀሙ። ወንጌሉን ማንም ደፍሮ አይቀደውም፤ በዕቃ ቤትም ይጠበቃል፤ በበዓል ወጥቶ ብዙ ካህናት ስለሚያዩት በስውር ለመለወጥ ያስቸግራል። ደግሞም የሚጻፈው ውሉ በተፈጸመ ጊዜ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ክርክር ሲነሣ «እስቲ እናስታውስ» ተብሎ አልተጀመረም። በአጭሩ፥ አቅም ያነሰው ሥርዓት ባለው ዕቃ፥ በጊዜው፥ በብዙ ዓይን ፊት መዝገብ ያዘ።

ሐ. የ1960 ዓ.ም. ግምት

ሦስተኛው ታሪካችን ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 255 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን አወጣ። አዋጁ የቀድሞውን አሥራት የሚተካ ነበር። በመሠረቱ ሲታይ አሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ብዙ የሚያገኘው ብዙ፥ ጥቂት የሚያገኘው ጥቂት እንዲከፍል ያሰበ ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ ገበሬ ገቢ መታወቅ ስለ ነበረበት፥ ምርቱን አይተው የሚገምቱ ኮሚቴዎች እንዲሠማሩ ሆነ።

በጎጃም ይህ ትልቅ ጥርጣሬ አስነሣ። የጎጃም ገበሬ ርስቱን የሚይዘው በዘር ሐረግ ነው፤ ከጣልያን መባረር በኋላ ባሉት ዓመታትም የመሬት ልኬት ይመጣብናል በሚል ስጋት ተነሥቶ ያውቃል። አሁንም ገማቾች ሲመጡ የገመተው ምርቱን ብቻ የሚመለከቱ ሳይሆን ርስቱን የሚለኩ ናቸው ብሎ ነው። ማን እንደሚገምት፥ በምን እንደሚገምት፥ ግምቱ ከተሳሳተ ለማን አቤት እንደሚባል በሚያምነው ሰውና በሚገባው መንገድ አልተረዳም። በሞጣና በዳሞት ጭምር ተቃውሞው ወደ ትጥቅ ትግል ተለወጠ፤ ጦርም ዘመተ፤ ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ መንግሥት አገረ ገዥውን ለወጠ፤ ውዝፉንም ግብር ማረ፤ ግብሩ በጎጃም እንደ ታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

የሁከቱ ምክንያት ይህ አንድ ብቻ ነበር ብለን አንከራከርም፤ የአስተዳደር በደልና የአገሬው ተወላጅ ያልሆነ ሹም ጥላቻም ነበረበት። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን አንድ ነጥብ ነው። በ1960 ዓ.ም. መዝገብ አልጠፋም፤ ኮሚቴም ቅጽም ነበር። የጠፋው ተገማቹ የሚያምነው ምስክር ነበር። ከላይ እንዳየነው ምስክር ያለ መዝገብ ከሰው ጋር ያልፋል፤ ከዚህ ደግሞ መዝገብ ያለ ምስክር ጠብ እንደሚያመጣ እንረዳለን። የሁከቱም ዋጋ ግብሩ ያስገባል ተብሎ ከታሰበው ይልቅ ከበደ።

መ. አዲሱ ገማችና አዲሱ ሕግ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «ቴሌብር መላ» የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ጀመረ። እንዲህ ባለው ብድር ሰውየው የሚያስይዘው ቤት ወይም ዋስ የለም፤ አቅሙ የሚገመተው በአገልግሎት አጠቃቀሙ ላይ ተመሥርቶ በኮምፒዩተር ስሌት ነው። ስለዚህ ገማቹ ተመልሷል ማለት ነው፤ የተለወጠው ማሳ ለማሳ የሚዞር ኮሚቴ አለመሆኑ ብቻ ነው። ለጥቅሙ ምስክሮች ነን፤ መያዣ ለሌለው ሰው በር ከፍቷል። ነገር ግን ጥያቄው ያው የ1960ው ነው። በምን ገመትኸኝ? ብትሳሳትስ ለማን አቤት ልበል?

ማሽን ሊሳሳት መቻሉ የተረጋገጠ ነገር ነው። በ2010 ዓ.ም. ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ፊትን አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ የታላላቅ ኩባንያዎችን ማሽኖች ፈትነው ነበር። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ የታየው ስሕተት ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፥ ቆዳቸው በጠቈረ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ ተገኘ። ማሽኖቹ በጠቅላላው ሲታዩ ጥሩ ይመስሉ ነበር፤ ጉድለታቸው የወጣው ሰዎቹ በየወገናቸው ተለይተው ሲፈተኑ ነው። ይህንን ያደረጉት ሁለት ተመራማሪዎች የኩባንያዎቹን ያህል ሀብት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው በጥንቃቄ የተመረጠ የፎቶግራፍ ስብስብና ቀጥተኛ ጥያቄ ነው።

ሕጉም ከእንዲህ ያለው ነገር የተነሣ መጣ። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት ተቋቁሞ በኋላ የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የተባለው መሥሪያ ቤት አለ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ፤ አፈጻጸሙን የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በሰኔው ወር ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲን ተቀበለ። የአዋጁ ዋና መንፈስ ሲጠቃለል የሰው መረጃ የሚሰበሰበው በሕጋዊ ምክንያትና ለታወቀ ዓላማ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ምን እንደተያዘበት ሊያውቅና ስሕተቱን ሊያሳርም መብት አለው የሚል ነው።

በውጭ አገር ካሉት ሕጎች ሰፊው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2024/1689 ነው። በሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጸና፤ የከለከላቸውን ሥራዎች የሚመለከተው ክፍል ከጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለእኛ የሚመለከተን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ የማሽኑ ውጤት በአውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት ከሆነ ሠሪው አዲስ አበባም ይቀመጥ ደብረ ማርቆስ ይደርስበታል። ሁለተኛ፥ ሌሎች አገሮችም ሕግ ሲያወጡ ስለሚያዩት እንደ መለኪያ ያገለግላል። ደንቡ ሥራዎችን በሚያመጡት አደጋ ይከፍላቸዋል፦ ፈጽሞ የተከለከሉ አሉ፤ ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው አሉ፤ ሰው ከማሽን ጋር እንደሚነጋገር ሊነገረው የሚገባባቸው አሉ፤ የቀሩት ልዩ ግዴታ የለባቸውም። የሰውን የመበደር ብቃት መገመት፥ ተማሪን መፈተንና ሥራ ፈላጊን መምረጥ ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ወገን ናቸው።

ቅጣቱ ከባድ ነው። የተከለከለውን ለሠራ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓመቱ የዓለም ሽያጭ እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ጓደኞቻችን ይህንን ቍጥር ሰምተው ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን ለትንንሾች ከሁለቱ ያነሰው እንደሚወሰድ አይነገራቸውም። ደንቡ ትንንሾች የቴክኒክ ማስረጃቸውን ባጠረ ቅጽ እንዲያቀርቡ፥ እጅግ ትንንሾቹም የጥራት ሥርዓታቸውን በቀላል መንገድ እንዲያሟሉ ፈቅዷል። ከፍተኛ አደጋ ካለባቸውም ሥራዎች ብዙዎቹ በሠሪው በራሱ ምርመራ የሚረጋገጡ ናቸው፤ የውጭ መርማሪ መቅጠር በሁሉም ላይ ግዴታ አይደለም።

ሠ. አቅመ ትንሹ ኩባንያ ምን ያድርግ

አሳባችን በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሦስት ተመራቂዎች በደብረ ኤልያስ ወረዳ ላሉ ገበሬዎች የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ብድር ለሚሰጥ አበዳሪ የብድር ግምት የሚሠራ ማሽን ሊያዘጋጁ አሰቡ እንበል። ያላቸው ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ የተከራዩት ክፍል ነው። ከላይ ባየነው ታሪክ መሠረት ቢሄዱ የሚከተለውን ያደርጋሉ።

አንደኛ፥ ሥራቸው ከየትኛው የአደጋ ወገን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ ቀኑንና ስማቸውንም ያኖራሉ። ማሽኑ ለምን እንደሚያገለግል ብቻ ሳይሆን ለምን እንደማያገለግል ይጽፋሉ። ለምሳሌ «ለብድር ውሳኔ ረዳት ነው፤ ብቻውን አይከለክልም፤ ለግብር ግምትም አይውልም» ማለት ይችላሉ። ዓላማን ማጥበብ ምንም ገንዘብ ሳያስወጣ ብዙ ግዴታን ይቀንሳል።

ሁለተኛ፥ የመረጃ መዝገብ ይከፍታሉ። ትምኒት ገብሩና ጓደኞቿ በ2010 ዓ.ም. ባቀረቡት ጽሑፍ እያንዳንዱ የመረጃ ስብስብ እንደ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የራሱ መግለጫ ወረቀት እንዲኖረው አሳስበዋል። ጥያቄዎቹ በሰባት ርእስ የተከፈሉ ናቸው፦ ለምን ተሰበሰበ? በውስጡ ምን አለ? እንዴት ተሰበሰበ? እንዴት ተጣራ? ለምን ይውላል? እንዴት ይሰራጫል? ማንስ ይጠብቀዋል? ይህን ለመመለስ አንድ ደብተር ይበቃል፤ የወንጌሉ ዳር ማለት ይህ ነው። በአማርኛና በትግርኛ የትርጉም ማሽን የሠራው «ልሳን» የተባለው ጀማሪ ድርጅት በበይነ መረብ ያለው ጽሑፍ ስላልበቃው የታተሙ ጽሑፎችን እያነበበ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መሣሪያ ራሱ ሠርቶ ነበር። እንዲህ ባለ ድካም የተገኘ መረጃ ምንጩ ወዲያው ካልተጻፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ሦስተኛ፥ የማያስፈልጋቸውን አይሰበስቡም። የገበሬውን የስልክ ጥሪ ዝርዝርና የቤተ ሰቡን ጉዳይ የሰበሰበ ሰው ያንን ሁሉ ሊጠብቅ ይገደዳል፤ ያልያዙትን ነገር ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ፈቃድ ሲጠይቁም ገበሬው በሚገባው አማርኛ፥ ማንበብ ለማይችልም በቃል፥ ጎረቤቱ ባለበት ይጠይቁታል።

አራተኛ፥ ማሽኑን ወደ ሥራ ከማስገባታቸው በፊት እንደ ቅኔ ነገራ ያስነግሩታል። በጠቅላላ ስንት በመቶ ልክ ሆነ ብሎ ማለፍ አይበቃም። ለሴት አባወራ፥ ማሳ ተከራይቶ ለሚያርስ፥ ስልክ ለሌለው፥ ወደ ዓባይ በረሓ ላለው ቆለኛ ስሕተቱ ስንት ነው? ብለው በየወገኑ ይለያሉ። ውጤቱ መጥፎ ቢሆንም ይጽፉታል፤ የታረመ ስሕተት በጉባኤ ነውር አይደለምና።

አምስተኛ፥ ፍርዱን ሊያነሣ የሚችል ሰው ይሾማሉ። ብድር የተከለከለው ገበሬ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው፥ ግምቱንም ለመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው በስሙ መታወቅ አለበት። አቤቱታውና መልሱ በደብተር ይገባል። በ1960 ዓ.ም. ያልነበረው ይህ ነው።

ስድስተኛ፥ የውጭ ምስክር ያቆማሉ። ይህ ባለብዙ ገንዘብ መርማሪ መሆን የለበትም። አንድ የኮሌጅ መምህር፥ አንድ የግብርና ባለሙያ፥ ሁለት የታወቁ ገበሬዎች በየሦስት ወሩ መዝገቡን ቢያዩና አስተያየታቸውን ቢጽፉ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ትንንሽ ኩባንያዎችም አንዱ የሌላውን ሥራ ሊፈትን ይችላል። መመሪያ ካስፈለገ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም በጥር 2015 ዓ.ም. ያወጣውን የአደጋ አያያዝ ማዕቀፍ ማንም በነጻ ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የወጣው አይሶ 42001 የተባለው ደረጃ ግን በገንዘብ የሚገዛ፥ የምስክር ወረቀቱም ወጪ ያለው ስለሆነ፥ ደንበኛ በግድ እስኪጠይቅ ድረስ ሊዘገይ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ገንዘብ ፈጽሞ አያስፈልግም ብለን ማንንም አናታልልም። መረጃን ከሌባ መጠበቅ፥ ውልን በጠበቃ ማስመርመር፥ የውጭ መርማሪ ግዴታ በሆነበት ሥራ መርማሪ መቅጠር ወጪ አላቸው። ነገር ግን ጠበቃው ዘንድ የተሟላ ደብተር ይዞ የሚሄድና ባዶ እጁን የሚሄድ እኩል አይከፍሉም። የመጀመሪያው የሚከፍለው ለምክር ነው፤ ሁለተኛው ለምክርም፥ የጠፋውን ለማስፈለግም ነው።

አንድ ተቃውሞ ደግሞ አለ። «ደብተር መሙላት ቀላል ነው፤ ተቈጣጣሪ ሲመጣ ማንም በአንድ ሌሊት ይሞላዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በአንድ ሌሊት የተሞላ ደብተር ማንንም አይጠብቅም። ምስክሩን ከመዝገቡ ልንለይ የማንፈልገው ስለዚህ ነው። በወንጌል ዳር ያለው ጽሑፍ የታመነው ቀለሙ ስላማረ ሳይሆን ምስክሮቹ በስማቸው ስለ ተቈጠሩ ነው። የውጭ ሰው በየጊዜው ያየውና የፈረመበት ደብተር በአንድ ሌሊት አይፈጠርም።

ረ. መደምደሚያ

ከላይ እንደዘረዘርነው፥ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ ያለ ባጀት ለረጅም ዘመን የታመነ ሰው ያወጣው ፈተናን ከሥራ ባለመለየቱ ነው። አድባራቱ የርስት ክርክርን በጥቂት መስመር ብራና የዳኙት በጊዜው ስለ ጻፉና ምስክር ስለ ቈጠሩ ነው። የ1960ው ግምት የወደቀው ደግሞ የሚገመተውን ሰው ሳያሳምን ስለ ተሠማራ ነው። ዛሬ ሕጉ ከጀማሪ ኩባንያ የሚጠይቀው ነገር በስሙ ባዕድ ቢመስልም በይዘቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። የሕግ ተማሪዎችና የኮምፒዩተር ተማሪዎች በየትምህርት ክፍላቸው ተለያይተው ከሚቀመጡ፥ ጓደኞቻቸው የሚሠሩትን ማሽን በጋራ የሚያዳምጡበት አንድ ጉባኤ በየወሩ ቢያቆሙ ለትንንሾቹ ኩባንያዎች ያለ ዋጋ ምስክር ይሆኑላቸዋል። መምህራኖቻችንም የመመረቂያ ሥራ ሲቀበሉ ከፕሮግራሙ ጋር የመረጃውን ደብተር ቢጠይቁ፥ ተማሪው ኩባንያ ከማቋቋሙ በፊት ልማዱን ይይዛል።

የደብረ ኤልያስ ገበሬ የማዳበሪያ ብድር ቢከለከል የሚያልፈው ክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ ለማንም አይቈይም። ያ ሰው አንድ ቀን ወደ አበዳሪው መስኮት ቀርቦ «በምን ገመታችሁኝ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ከመካከላችን ማሽኑን የሠራው ሰው ደብተሩን ገልጦ ሊያሳየው ይገባል።